ለአንድ መንገደኛ ስንት ኪሎ ካርቦን? የጉዞ ልቀት ሒሳብ ከነወጥመዶቹ

የአንድን ጉዞ የካርቦን ልቀት በሦስት የተለያዩ ማስያዎች ያሰላ ሰው ሦስት የተለያዩ መልሶች ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም። ለአንድ የአውሮፕላን ጉዞ አንዱ 60 ኪሎ ግራም ሲል ሌላው ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የተለያየው የቆጠሩት ነገር ነው። ባቡርን ከላይ፣ መኪናን ከመካከል፣ አውሮፕላንን ከታች የሚያስቀምጠው የተለመደ ደረጃ በጥቅሉ ትክክል ቢሆንም አንድ ነገር ይደብቃል። የልቀት ቁጥር ከተሽከርካሪው ጋር የተወለደ ባሕርይ አይደለም፤ ክፍልፋይ ነው። ከመስመሩ በላይ የተቃጠለው ነዳጅ ወይም ያለቀው ኤሌክትሪክ አለ፣ ከመስመሩ በታች ደግሞ የተሳፈረው ሰው ብዛት። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ከላይ ባለው ላይ ነው፤ ውጤቱን የሚገለባብጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ነው።

ከሊትር ወደ ኪሎ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎ ገደማ። ቤንዚኑ ራሱ ሲመዘን አንድ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ (በሊትር 0.75 ኪሎ ቢሆን ነው) ጋዙ ሦስት እጥፍ መክበዱ ብዙዎችን ያስገርማል። ምክንያቱ ኦክስጅን ነው። ነዳጁ የሚያዋጣው ካርቦኑን ብቻ ሲሆን ቀሪው ክብደት ከአየር የሚወሰድ ነው፤ 12 ግራም ካርቦን ተቃጥሎ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የአውሮፕላን ነዳጅ በክብደት ነው የሚሰላው። አንድ ኪሎ ነዳጅ 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በማስያው የሚጠቀመው ይህንኑ ቁጥር ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሚነግሩን ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ብቻ ነው። ድፍድፉን ከምድር ማውጣት፣ ማጣራትና ወደ ማደያ ማድረስ ከአንድ አምስተኛ እስከ ሩብ የሚሆን ተጨማሪ ልቀት አለው። መኪና ከአውሮፕላን ሲወዳደር ጭማሪው ሁለቱንም ስለሚነካ ደረጃቸውን እምብዛም አይቀይርም። ነዳጅ የሚያቃጥል ተሽከርካሪ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲወዳደር ግን ቸል ከተባለ ሒሳቡ ይበላሻል፤ የኤሌክትሪኩ ልቀት ሙሉ በሙሉ የሚወጣው ከኃይል ማመንጫው ነውና።

600 ኪሎ ሜትር በአራት መንገድ

አንድ ርቀት ይዘን እናስላ። ለማነጻጸር እንዲመች የመንገዱ ጠመዝማዛነት ለጊዜው ይቆየን።

በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቤንዚን የምትጠጣ መኪና ለ600 ኪሎ ሜትር 42 ሊትር ትፈጃለች፤ ይህም 97 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገደማ ነው። ሾፌሩ ብቻውን ከሆነ ሙሉው የእርሱ ነው። ሁለት ሲሆኑ ለእያንዳንዳቸው 48፣ አራት ሲሆኑ 24 ኪሎ ይደርሳቸዋል። የተጨመሩት ሰዎች ክብደት ፍጆታውን ከፍ ያደርገዋል፤ በረጅም መንገድ ላይ ግን ጭማሪው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ከዚያ ይልቅ የሚጎዳው ፍጥነት ነው። የአየር ተቃውሞ የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ በሰዓት ከ110 ወደ 130 ኪሎ ሜትር የተሻገረ ሾፌር መኪናው የምትታገለውን የአየር ተቃውሞ በ40 በመቶ ያሳድገዋል። ጣሪያ ላይ የሚታሰር የዕቃ ሳጥንም ባዶውን እንኳ ቢሆን ነዳጅ ያስበላል።

በ100 ኪሎ ሜትር 28 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በዚሁ ርቀት 454 ኪሎ ገደማ ይለቃል። 40 ሰው ከጫነ የአንዱ ድርሻ 11 ኪሎ ብቻ ነው። ናፍጣ በሚያቃጥል አሮጌ ቴክኖሎጂ ይህን ያህል ዝቅተኛ ልቀት መገኘቱ ብዙ የማይወራለት ሐቅ ነው። ያው አውቶቡስ 10 ሰው ይዞ ቢሄድ ድርሻው ወደ 45 ኪሎ ያሻቅባል፤ ሁለት ሰው ከያዘች መኪና ጋር እኩል ለእኩል ማለት ነው። የከተማ አውቶቡስ ደግሞ እየቆመ እየተነሣ ስለሚሄድ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ቢፈጅ 10 ሰው ሲይዝ ለአንድ መንገደኛ በኪሎ ሜትር 108 ግራም፣ 50 ሰው ሲይዝ 22 ግራም ይደርሰዋል። ጠዋት ተጨናንቆ፣ ቀትር ላይ ባዶውን የሚመላለስ አውቶቡስ አማካይ ቁጥሩ የሚያስከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የማይቀር ክርክር አለ፦ “አውቶቡሱ እኔ ኖርኩ አልኖርኩ መሄዱ አይቀርም፤ ታዲያ የእኔ ልቀት ዜሮ አይደለም?” ለአንዲት ቀን ጉዞ ክርክሩ ውኃ ያነሣል። ለዓመት ሲታይ ግን አይሠራም፤ ኩባንያዎች የጉዞ ብዛት የሚመድቡት የተሸጠውን ቲኬት ቆጥረው ነው። ያው ክርክር ለአውሮፕላንም እንደሚያገለግል ልብ ይሏል፤ ለአንዱ ተቀብሎ ለሌላው መንፈግ አያስኬድም። ስለዚህ ለንጽጽር አማካዩን ድርሻ መውሰድ ይሻላል።

ወደ ኤሌክትሪክ ባቡር እንለፍ። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ተቃውሞ ጎማ በአስፋልት ላይ ከሚገጥመው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ አየሩን የሚሰነጥቀው ግንባሩ አንድ ሆኖ ከኋላው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይከተላል፤ ፍሬን ሲይዝም ኃይሉን ወደ መስመሩ መመለስ ይችላል። በኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚወስድና 300 ሰው የጫነ ፈጣን ባቡር ለ600 ኪሎ ሜትር ለአንድ ሰው 40 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። ይህ ስንት ካርቦን ነው? መልሱ ያለው ሽቦው ጫፍ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ (በኪሎዋት ሰዓት 820 ግራም) 33 ኪሎ፣ ከውኃ ኃይል ከመጣ (24 ግራም) አንድ ኪሎ፣ በዓለም አማካይ (480 ግራም ገደማ) 19 ኪሎ ይሆናል። የፈረንሳይ ፈጣን ባቡሮች ለአንድ መንገደኛ በኪሎ ሜትር ከ5 ግራም በታች የሚለቁት ባቡራቸው ከሌላው ስለተራቀቀ ሳይሆን አብዛኛው ኤሌክትሪካቸው ከኑክሌር ኃይል ስለሚመጣ ነው።

“ባቡር” የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በናፍጣ የሚሄድ አንድ ፉርጎ በኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ቢፈጅና 20 ሰው ብቻ ቢጭን ለእያንዳንዱ 135 ግራም ይደርሰዋል፤ ሙሉ አውቶቡስ በሰፊ ልዩነት ያሸንፈዋል። የአልጋ ፉርጎም ከመቀመጫ ፉርጎ ያነሰ ሰው ስለሚይዝ የአንድ መንገደኛ ድርሻው ከፍ ይላል፤ ያም ሆኖ ከአውሮፕላን ጋር ሲተያይ አሁንም በብዙ ይሻላል።

አራተኛው አውሮፕላን ነው። 180 መቀመጫ ያለው የኤ320 ዓይነት ጄት ለዚህ ርቀት 3 ቶን ነዳጅ አቃጠለ ብንል፣ ከመቀመጫዎቹም 82 በመቶው ቢሞላ፣ ለአንድ መንገደኛ 20 ኪሎ ነዳጅ ወይም 64 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደርሰዋል። ብቻውን ከሚነዳው ሰው 97 ኪሎ ያነሰ ነው። ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ብቸኛው ሾፌር ከበረራ የባሰ ተብሎ ይፈረድበት ነበር።

ከካርቦን ሌላ ሰማዩ ላይ የሚቀረው

አውሮፕላን ከፍ ባለ ሰማይ ላይ የሚተወው ነጭ መስመር ጭስ ሳይሆን በረዶ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት በጥላሸት ቅንጣቶች ላይ ይረጋና የበረዶ ደቃቅ ይሆናል። አየሩ ደረቅ ከሆነ መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። እርጥበት የሞላው ቀዝቃዛ አየር ካጋጠመው ግን እየተዘረጋ ለሰዓታት የሚቆይ ስስ ደመና ይሠራል። ይህ ደመና ቀን ቀን የፀሐይን ብርሃን በከፊል ስለሚመልስ ማቀዝቀዝም ማሞቅም አለበት፤ ሌሊት ግን የሚመልሰው ብርሃን ስለሌለ ሥራው ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ማፈን ብቻ ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባሉት ጋዞችም በዚያ ከፍታ ሙቀት የሚያፍነውን ኦዞን ይፈጥራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ በዘርፉ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት እንዳሰላው ከአቪዬሽን የተጣራ የማሞቅ ጫና ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዘው ሲሶውን ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪው ከእነዚህ ከካርቦን ውጭ ከሆኑ ነገሮች የሚመጣ ነው። ደመናው በሰዓታት ሲጠፋ ካርቦኑ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ስለሚቆይ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ተጨማሪውን ጫና ለማካተት ካርቦኑ የሚባዛበት ቁጥር (ማባዣው) ከማስያ ማስያ ይለያያል። የብሪታንያ መንግሥት በየዓመቱ በሚያወጣው የልቀት ሰንጠረዥ ለረጅም ጊዜ 1.9 ይጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ 1.7 ሆኗል። የአቪዬሽን ድርጅቱ ማስያ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ብቻ ይቆጥራል። ያ 64 ኪሎ በ1.7 ሲባዛ 109 ይሆናል፤ ብቻውን የሚነዳውም ሰው ወዲያው የተሻለ ሆኖ ይወጣል። በመግቢያው ላይ የጠቀስነው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማባዣው ግን አማካይ መሆኑ አይዘንጋ። ከመላው በረራ ጥቂቱ እጅ ነው አብዛኛውን የደመና ሙቀት የሚያመጣው። አጭር በረራ አብዛኛውን ጊዜውን በመውጣትና በመውረድ ስለሚጨርስ በደመናው ቀጠና የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። እንደ ኤቲአር 72 ያሉ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ጣሪያቸው 7,600 ሜትር ገደማ በመሆኑ ደመና የመሥራት ዕድላቸው ዝቅተኛ ነው፤ በአጭር መስመር የሚያቃጥሉት ነዳጅም ከጄት በብዙ ያነሰ ነው። የበረራ አማራጭ በሚፈለግበት ጊዜ የአውሮፕላኑን ዓይነት ማየት ዋጋ አለው የምንለው ለዚህ ነው።

መቀመጫውና ርቀቱ

በአውሮፕላን ውስጥ የአንድ ሰው ድርሻ የሚከፋፈለው በያዘው ወለል ስፋት ነው። በብሪታንያ ሰንጠረዥ መሠረት በረጅም በረራ ላይ የቢዝነስ መንገደኛ ድርሻ የኢኮኖሚውን 2.9 እጥፍ፣ የአንደኛ ማዕረግ ደግሞ 4 እጥፍ ያህል ነው። አልጋ የሚሆን ወንበር የሦስት ሰው ቦታ ይወስዳል፤ ሒሳቡ የሚለው ይህንኑ ነው። ለሥራ የሚጓዙ ሠራተኞቹን ልቀት መቀነስ የሚፈልግ ድርጅት አንድም ጉዞ ሳይሰርዝ ማዕረጉን ብቻ ዝቅ በማድረግ ትልቅ ለውጥ ማምጣት ይችላል። ከሁሉ የቀለለው እርምጃ ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉ የበለጠ ተቃውሞ የሚያስነሣውም እርሱ ነው።

በኪሎ ሜትር ሲለካ አጭር በረራ ይከፋል፤ መነሣትና ከፍታ መያዝ ብዙ ነዳጅ ስለሚበላና ርቀቱም ያንን ለማካፈል ስለማይበቃ። እጅግ ረጅም በረራም የራሱ ጣጣ አለው፤ ነዳጅ ለመሸከም ነዳጅ ይቃጠላል። ቦይንግ 777-300ኢአር ሲነሣ ሊይዝ ከሚችለው 351 ቶን ክብደት ውስጥ ነዳጁ ብቻ እስከ 145 ቶን ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት ግን ቆም እያሉ መሄድ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ተጨማሪ መነሣትና ከመስመር መውጣት አብዛኛውን ጊዜ ትርፉን ይበላዋል። ቀጥታ በረራ ካለ ቀጥታውን መያዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ርቀቱ ራሱ ነው። ከለንደን ኒው ዮርክ 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በኢኮኖሚ ማዕረግ በአንድ አቅጣጫ ለአንድ ሰው 300 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደርሰዋል። በኪሎ ሜትር ሲካፈል 54 ግራም ነው፤ ብቻውን የሚነዳ ሰው ከሚለቀው 161 ግራም በእጅጉ ያነሰ። ይህን ቁጥር ይዞ “አውሮፕላን ከመኪና ይሻላል” የሚል ማስታወቂያ መሥራት ቀላል ነው። ደርሶ መልሱ ግን 600 ኪሎ ነው። በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብቻውን እየነዳ ሥራ የሚመላለስ ሰው ያንን ለመልቀቅ 186 የሥራ ቀናት ያስፈልጉታል፤ ከካርቦን ውጭ ያለው ተጽዕኖ በ1.7 ከተባዛ 317። አትላንቲክን በመኪና የሚሻገር የለም፤ ትክክለኛው ንጽጽር ከመሄድና ካለመሄድ፣ ወይም ቅርብ ከመሄድ ጋር ነው። በኪሎ ሜትር የሚሰጥ ቁጥር ይህን ጥያቄ ፈጽሞ አያነሣም።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2023 በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ የተነሣው በሌላው ጫፍ ነው፤ በባቡር ከ2 ሰዓት ተኩል በታች ለሚፈጁ መስመሮች የአገር ውስጥ በረራ ከለከለች። የተነካው ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ቦርዶ፣ ናንትና ሊዮን የሚደረገው ነው። ምሳሌነቱ የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ቢከፋም ርቀቱ ትንሽ ስለሆነ በአገሪቱ ጠቅላላ የበረራ ልቀት ላይ የሚያመጣው ቅናሽ ውስን ነው።

ኤሌክትሪክ መኪናና ባትሪው

በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት የምትወስድ መኪና በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ 148፣ በጋዝ 88፣ በውኃ ኃይል 4 ግራም በኪሎ ሜትር ትለቃለች። የቤንዚኗ 161 ግራም ነዳጁን የማምረቱ ልቀት ሲጨመርበት ወደ 200 ይጠጋል። ባትሪ መሥራት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት አቅም ከ60 እስከ 100 ኪሎ ካርቦን ያስወጣል ተብሎ ሲሰላ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ከ4 እስከ 6 ቶን የሚሆን ዕዳ ይዞ ይወጣል። ለ200 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲከፋፈል በኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 30 ግራም ነው። በዓለም አማካይ ኤሌክትሪክ የምትሞላ መኪና ይህን ዕዳ ከፍላ የምትጨርሰው 44 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ነው፤ በውኃ ኃይል ከሆነ በጣም ቀድማ፣ በከሰል ከሆነ በጣም ዘግይታ። ስለዚህ በዓመት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ ሰው ትልቅ ባትሪ መግዛት ለካርቦን ሲባል የሚደረግ ነገር አይደለም።

ቤንዚንም ሶኬትም ያላቸው መኪኖች ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በመንገድ ላይ የተለካው ልቀታቸው በወረቀት ከተጻፈው 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ባለቤቶቹ በተገመተው ልክ አይሞሉም፤ ያኔ መኪናዋ ከባድ ባትሪ የተሸከመች የቤንዚን መኪና ሆና ትቀራለች።

ትናንሾቹና ባሕሩ

ታክሲ ሲሰላ ሾፌሩ መንገደኛ አይደለም፤ ባዶ የሚዞርበትም ርቀት የተሳፋሪው ነው። 10 ኪሎ ሜትር ለማድረስ 6 ኪሎ ሜትር ባዶ የመጣች ታክሲ የለቀቀችው የ16 ኪሎ ሜትር ነው። ብስክሌት የሚነዳው ሰው ምግብ እንኳ ተቆጥሮበት፣ የአውሮፓ ብስክሌተኞች ፌዴሬሽን ባሰላው መሠረት፣ በኪሎ ሜትር 21 ግራም ገደማ ነው። የኪራይ ኤሌክትሪክ ስኩተር ግን የጠበቁትን ያህል ንጹሕ አልሆነም፤ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት በኪሎ ሜትር 125 ግራም ያህል አግኝተዋል። ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ቶሎ መሰባበሩና ማታ ማታ በመኪና ተሰብስቦ መመለሱ ነው ያስከፋው።

ጀልባ ላይ በብሪታንያ ሰንጠረዥ መኪና ያልያዘ ተሳፋሪ በኪሎ ሜትር 19 ግራም ሲሆን መኪናውን የጫነ 130 ነው፤ ልቀቱ የሚከፋፈለው በክብደት ስለሆነ። ለሽርሽር የሚሄዱ ግዙፍ መርከቦች ደግሞ መዋኛና ሆቴል ይዘው ስለሚንሳፈፉ፣ ንጹሕ የትራንስፖርት ጥናት የሚያደርገው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገለጸው፣ በአንድ መንገደኛ ኪሎ ሜትር ከጄት አውሮፕላን ይበልጣሉ። ባሕር ዝግተኛ ስለሆነ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ማስያ ሲነበብ

የማስያ ውጤት በእጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው መለኪያው ነው። በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በማይል (አንዱ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው)? ለአንድ መንገደኛ ነው ወይስ ለአንድ ተሽከርካሪ? ለተያዘ መቀመጫ ነው ወይስ ለተገጠመ መቀመጫ ሁሉ? በተገጠመ መቀመጫ ሲካፈል ባዶዎቹም ስለሚቆጠሩ ቁጥሩ ያምራል። ቀጥሎ የአንድ አቅጣጫ ወይም የደርሶ መልስ መሆኑ ይጣራል፤ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው። ርቀቱም ልዩነት አለው፤ መንገድ ከአየር መስመር 20 ወይም 30 በመቶ መርዘሙ የተለመደ ሲሆን የአቪዬሽን ድርጅቱ ማስያ በበኩሉ ለመዞሪያ ከ550 ኪሎ ሜትር በታች 50፣ እስከ 5,500 ድረስ 100፣ ከዚያ በላይ 125 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ከመንገደኞቹ ወለል በታች ጭነት የያዘ አውሮፕላን የነዳጁን ከፊል ለጭነቱ ስለሚያካፍል የመንገደኛው ድርሻ ይቀንሳል፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ግን ከሌላ ማስያ ጋር ሲነጻጸር ሁለቱም ቆርጠው እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መኪና ያለው ሰው ማስያ አያስፈልገውም። ታንኩን ሞልቶ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ሲሞላ የገባውን ሊትር በ2.3 (ናፍጣ ከሆነ በ2.7) አባዝቶ ለተነዳው ኪሎ ሜትርና በመኪናው ለነበሩት ሰዎች ያካፍላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የማደያው ቧንቧ ቶሎ መዝጋቱ ብቻ ውጤቱን በ5 በመቶ ሊያዛባው ይችላል። የአምራቹ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አያስገርምም፤ ያው የኮሚሽኑ ዘገባ በቤንዚንና በናፍጣ መኪኖች ላይ የ20 በመቶ ያህል ልዩነት አሳይቷል።

በቲኬት ግዢ መጨረሻ ላይ ለማካካሻ፣ ለምሳሌ ልቀቱን ለሚመጥ የዛፍ ተከላ፣ ገንዘብ እንዲከፈል የሚጠይቀው ሳጥን ውጤቱን ወደ ዜሮ የሚያወርድ ሆኖ ይቀርባል። ዛፍ የማካካሻ ሥራው የሚጠናቀቀው በአሥርት ዓመታት ነው፤ ሊቃጠልም ሊቆረጥም ይችላል፤ በረራው ግን የለቀቀው ዛሬ ነው። ድርጅቶች የጉዞ ልቀታቸውን ሲመዘግቡ ልቀቱን በአንድ ዓምድ፣ የተገዛውን ማካካሻ በሌላ ዓምድ አስፍረው ሳያቀናንሱ ቢተዉት ከዓመት ዓመት ትክክለኛውን ለውጥ ማየት ይችላሉ። “ዘላቂ ነዳጅ” (ከድፍድፍ ዘይት ሳይሆን ለምሳሌ ካገለገለ የምግብ ዘይት ተሠርቶ ከተለመደው ጋር የሚደባለቅ ነዳጅ) “እንጠቀማለን” የሚል አየር መንገድ ሲያጋጥምም የሚጠየቀው ድብልቁ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ የአየር መንገዶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ይህ ነዳጅ ከዓለም የአውሮፕላን ነዳጅ 0.3 በመቶ ብቻ ነበር።